የጋሽ በከር ጆንያ

ሰኔ ፪ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.፣ ሐሙስ። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሮ ዋለና ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ፤ አሁን አባርቷል። ይህን ስጽፍ ቤት ውስጥ ያለነው እኔ፣ እማሆይና ዘጠኙ ልጆች ነን። ቀኑንና የሰማዩን ነገር ከፊት ያኖርኩት ዛሬ ተናድጄ ዛሬ የጻፍኩ እንዳይመስልህ ነው። ነገሩ ከሆነ ወር አልፎታል፤ ወር ሙሉ በሆዴ ይዤው ከርሜአለሁ።

ለወንድሜ ለኃይለመለኮት። እንደምን ከርመሃል? የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ራስ ምታትህ ተሻለህ ወይስ ዛሬም ሻሽ ታስርበታለህ? ሠርካዲስ ከወለደች ወዲህ ጉልበቷ ተመለሰላት ወይ? ጡቷ ለልጂቱ ይበቃል ወይ? ሸዋንግዛውስ ስንት ጥርስ ነቀለ? ይህን ሁሉ የምጠይቅህ ከልቤ ነው። የተጣላ ሰውም ቢሆን ሰላምታ አይከለከልም፤ እናታችን ከጎረቤት ጋር ተኳርፋ እንኳ እንደምን አደራችሁ ማለት አታስቀርም ነበር። እኔ በአካሌ ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከአካሌ ወዲያ ያለውን ግን ደኅና ነው ብዬ አልዋሽህም።

ባቡር ላይ እሳት የሚያነደው ወዳጃችን ሁለተኛውን ደብዳቤህን ሰኞ ዕለት አመጣልኝ። የግንቦት ልደታ ዕለት ስማቸው ሲጠራ ለልጆቹ የሚሰጡን ሰዎች ምን አሉ፣ ስንት አዲስ ሰጪ ተጨመረ፣ ጻፉልኝ ትላለህ። ስለዚህ የሆነውን ከመጀመሪያው ልንገርህ። ምን እንደተጨመረና ምን እንደጎደለ ከዚያ በኋላ ራስህ ትደርስበታለህ።

አምና በየካቲት ሚካኤል ጣልያን ከተማውን ሦስት ቀን ሲያርድና ሲያቃጥል ከሰፈራችን ወላጅ አልባ ልጆች መቅረታቸውን ጽፌልህ ነበር። የልደታ ማኅበራችን ዘጠኙን ሰብስቦ በእማሆይ ቤት አኖራቸው፤ እኔም አብሬ ገባሁ። የአራቱ አባቶች ዱር ገብተው የሞቱ ናቸው። ማኅበሩ በየወሩ ጽዋ የሚጠጣ የድሆች ማኅበር ነው እንጂ ጎተራ የለውም። ለልጆቹ የሚበላ ፈልጎ ማምጣት የእኔ ሥራ ሆነ። እኔን ደግሞ ታውቀኛለህ፤ ልጅ ሆነን እንግዳ ሲመጣ ጓሮ የምደበቀው እኔ ነበርኩ። ለልመና የሚሆን አፍ አልተሰጠኝም።

ያኔውኑ አምና በመጋቢት መጀመሪያ ከተክለ ሃይማኖት ወዲያ ባለው አዲሱ ገበያ እህል በሚሸጡ አንድ የወሎ ሰው ሱቅ በር ላይ ቆምኩ። በከር ይባላሉ። ሽበታም ጺማቸውን በሂና ያቀሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ስጡኝ ማለት አፍሬ፣ መሬት የፈሰሰውን ልጥረግልዎና ጥራጊውን ልውሰደው አልኳቸው። ጥረጊ አሉኝ፤ ቀና ብለውም አላዩኝም። መያዣ እንደሌለኝ ሲያዩ አንድ ቀዳዳ ጆንያ ወረወሩልኝ።

ከጥራጊው ድንጋዩን ለቅሜ ሳወጣ ሽምብራና ማሽላ ተገኘበት፤ ለሦስት ቀን ንፍሮ ሆነን። በሳምንቱ ጆንያውን አጥቤ፣ ቀዳዳውን ሰፍቼ፣ አጣጥፌ ወሰድኩላቸው። ከጥራጊው ምን እንደወጣ፣ የትኛው ልጅ እንደጠገበና የትኛው ጨምሩልኝ እንዳለ ነገርኳቸውና ልሄድ ስል፣ ቆዪ እቴ፣ ሌላ ልትጠይቂ አይደለም ወይ የመጣሽው አሉኝ። ጆንያዎን ላስረክብ ነው አልኳቸው። ሳቁ። ሃያ ዓመት ስነግድ ጆንያ ይዞ ሊወስድ የሚመጣ እንጂ ጆንያ ሊመልስ የመጣ ሰው አላየሁም አሉና ሚስታቸውን ቀመሪያን ጠርተው፣ ነይ ይህን ስፌት እይ፣ አንቺ እንዲህ ሰፍተሽልኝ ታውቂያለሽ አሏት። ቀመሪያም፣ አንተ መቼ ጆንያ ቀደህ አመጣህልኝ፣ ኪስህን እንጂ አለቻቸው። በዚያ ቀን ጆንያው ሞልቶ ተሰጠኝ፤ ጥራጊ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ልማዳችን ይኸው ሆነ። ጆንያው ሞልቶ ወደ ልደታ ይመጣል፣ ታጥቦና ተሰፍቶ ወደ ተክለ ሃይማኖት ይመለሳል። ስመልስላቸው የየልጁን ነገር እነግራቸዋለሁ። ዋቅሹማ ዳዊት ጀመረ፤ የጋሻው እግር ቆስሎ ነበር፣ ዳነ፤ ትንሿ አዱኛ ሳል ይዟታል፣ እላለሁ። ለአዱኛ ሳል ማር የላኩት እሳቸው ናቸው። ጋሽ በከር ልጆቹን አንድ ቀን እንኳ በዓይናቸው አላዩም፤ ግን ዘጠኙንም በስማቸው ያውቃሉ። አንዱን ዘልዬ እንደሆነ ዝም ብለው አይሰናበቱኝም።

ሌሎቹን ሰጪዎችም ያቆየኋቸው እንዲሁ ነው። ለመለመን ብቻ የሚመጣ እግር ኮቴው ይታወቃል፤ ሰው ከሩቅ ሰምቶ በሩን ይዘጋል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ለመጠየቅ ከሄድኩ ሦስት ጊዜ ለሌላ ነገር እሄዳለሁ። ለቅሷቸው ላይ እቀመጣለሁ፣ ሲታመሙ አያለሁ፣ ሲወልዱ ገንፎ አገነፋለሁ። አንዷ ማገዶ ሻጭ አህያዋ የሞተባት ጊዜ ከልጆቹ ክክ ላይ ሰፍሬ ወሰድኩላት። ምነው፣ እኔ እኮ ነኝ የምሰጣችሁ አለችኝ። ዛሬ ተራው የእኛ ነው አልኳት። ሌላ አህያ በገዛች ጊዜ የመጀመሪያውን ሸክም የልጆቹ ደጃፍ ላይ አራገፈችው። ይህን ማንም አላስተማረኝም። አንተም አላስተማርከኝም።

ስማቸውን በሚመለከት ደግሞ ሥርዓት ነበረን። የሰጪውን የክርስትና ስም ብቻ ይዤ ለንስሐ አባታችን እነግራለሁ፣ እሳቸው በጸሎት ያስቡታል። ወለተ ኪዳን ወይም ተክለ ማርያም ቢባል ማን እንደሆነ የምናውቀው እግዚአብሔርና እኔ ነን፤ ጣልያን ቢሰማውም አይጠቅመውም። በዚህ ዘመን የአርበኛ ልጅ የሚያበላ ሰው ስሙ ሊሸሸግ እንደሚገባ የሰፈራችን ሕፃን ያውቃል።

ዘንድሮ በሚያዝያ የአንተ የመጀመሪያ ደብዳቤ መጣ። ሰጪዎቹን የማውቃቸው እኔ፣ እህትህ፣ እያለሁ የጻፍከው ለማኅበራችን አለቃ፣ ሙሴ ለምንለው ለጋሽ ፈቃደ ነው። ጋሽ ፈቃደን እንደ ወትሮው አንቱ ብዬ አልጽፈውም፤ ተቆጥቻለሁ። ጅቡቲ ያሉ ፈረንጆች ለድሃ ሲሰበስቡ ያየኸውን ነገርከው። የሰጪዎቹ ስም በትልቅ ሰሌዳ ተጽፎ በር ላይ ይሰቀላል፣ ብዙ የሰጠ ከላይ ይሆናል፣ በበዓል ቀን ስማቸው ተነቦ ይጨበጨብላቸዋል አልክ። ሰጪን ማቆየት የፈለገ ሰጪውን በአደባባይ ያክብር፣ ሰው ስሙን ሲሰማ እጁ ይፈታል፣ ያልሰጠውም አፍሮ ይሰጣል አልክ። በጓዳ የሚደረግ ምስጋና ሌብነት ይመስላል አልክ። ይህችን የመጨረሻዋን ጋሽ ፈቃደ በቃሉ ይዟታል።

ጋሽ ፈቃደ ክፉ ሰው አይደለም። ከጅቡቲ የመጣ ቃል ሁሉ ከወንጌል ቀጥሎ ያለ የሚመስለው ሰው ነው እንጂ። ወረቀትህን እያወዛወዘ መጣና፣ ወንድምሽ ዓይናችንን ገለጠልን፣ በይ የሰጪዎቹን ስም ጻፊልኝ አለኝ። አይሆንም አልኩ። የማኅበሩ ሰዎች ሳቁብኝ። አንዱ፣ ሰጪዎቹን እንደ ጠላ ጥንስስ ከድና የያዘቻቸው ሌላ ሰው እንዳይቀምስ ነው አለ። አንዷ ደግሞ፣ ምን ታድርግ፣ እነሱ ከታወቁ እሷን ማን ዞር ብሎ ያያታል አለች። ዝም አልኩ። የጎዳን ያ ዝምታዬ ነው። ያን ቀን ጮኼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ጋሽ ፈቃደ ሲነዘንዘኝ ሰንብቶ በመጨረሻ የክርስትና ስማቸውን ብቻ ጻፍኩለት። እዚህ ላይ የእኔ ጥፋት አለበት፤ እሱን አልሸሽግህም። ጋሽ በከር እስላም ናቸው፣ የክርስትና ስም የላቸውም። ልተዋቸው ይገባኝ ነበር። ግን ከሁሉ አብልጠው የሰጡት እሳቸው ሆነው ወረቀቱ ላይ ሳይኖሩ ሲቀሩ አንጀቴ አልችል አለኝ። ከታች፣ ባለጆንያው ብዬ ጻፍኩ። አንዲት ቃል ናት፤ ጆንያውን ወዴት እንደምመልስ ግን ጋሽ ፈቃደ ያይ ነበር። ክርስቲያኑ ሁሉ ሁለት ስም ስላለው በአንዱ ተሸሸገ፤ እሳቸው ብቻ ሜዳ ላይ ቀሩ።

ግንቦት ልደታ ሰኞ ዋለ። ሰፈሩ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ቀቅሎ የሚበላበት ቀን መሆኑን አልረሳኸውም፤ ማንም ማንንም ለምን መጣህ አይልም። ከመጡት መካከል ለጣልያን ሹም የሚያስተረጉመው ጎረቤታችን ነበረ። ከልጆቹ ጋር ከአንድ ገበታ ነው የዘገነው። ጋሽ ፈቃደ ነጭ ኩታውን ደርቦ ድንጋይ ላይ ወጣና ማንበብ ጀመረ። ወለተ ኪዳን ሲል፣ ተክለ ማርያም ሲል ሕዝቡ እርስ በርሱ ይተያያል። ማን እንደሆኑ ስለማያውቅ የሚያጨበጭብ የለም። አንድ ሽማግሌ፣ ይህ የሙታን ፍትሐት ነው ወይስ ምንድነው ብሎ ሰው አሳቀ። ነገሩ እንደ ጅቡቲው አልሆነለትምና ጋሽ ፈቃደ ፊቱ ጨለመ። ባለጆንያው የሚለው ላይ ሲደርስ ግን ቀና አለ። ይህንንስ እኔ ልንገራችሁ፣ የተክለ ሃይማኖቱ እህል ነጋዴ በከር ነው፣ እስላም ሆኖ የአርበኞቻችንን ልጆች ዓመት ሙሉ ያበላው እሱ ነው፣ እናንተ ክርስቲያኖቹስ ምን አደረጋችሁ አለ። ያኔ ተጨበጨበ። እልል ያለችም ነበረች። ቀና ብዬ አስተርጓሚውን ስፈልገው ንፍሮውን እያላመጠ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ካራቢኜሪዎች፣ የጣልያን ጦር ፖሊሶች፣ አስተርጓሚውን አስከትለው ጋሽ በከር ሱቅ መጡ። የእህሉን ጆንያ ሁሉ በሳንጃ ቀደው መንገድ ላይ ዘረገፉት፣ ሱቁን አሸጉት፣ እሳቸውን ይዘው ሄዱ። አሥራ አንድ ቀን አሰሯቸው። ይህን ያወቅሁት ከቀመሪያ ነው፤ ሱቁ ታሽጎ ሳይ ወደ ቤታቸው ሮጥኩ፤ በአጥር ቀዳዳ ነገረችኝ፣ የኋላውንም በሰው ላከችልኝ። የሽፍታ ልጆች ትቀልባለህ፣ እህሉን የምትወስደው ሴትዮ ማን ናት ብለው ጠየቋቸው። ጋሽ በከርም፣ ጥራጊ የምትወስድ አንዲት ድሃ ነበረች፣ ስሟን ጠይቄ አላውቅም አሉ። ጣልያኖቹ በየቀኑ እየገረፉ ያንኑ ጠየቁ፤ ጋሽ በከር በየቀኑ ያንኑ መለሱ። ሲለቋቸው ያን በሂና የቀላ ጺማቸውን ላጭተው ለቀቋቸው። በስድሳ ዓመታቸው።

ይህን አንብበህ ቶሎ አትለፈው። እኛ ንፍሮ እየበላን፣ ድንጋይ ላይ ወጥተን፣ እያጨበጨብን የእሳቸውን ስም ሰጠን። እሳቸው እየተገረፉ የእኔን አልሰጡም። ስሜን ደግሞ ከነአባቴ ያውቁታል። እኔ ዛሬ ቤቴ ተቀምጬ ይህን የምጽፍልህ እሳቸው አላውቅም ስላሉ ነው።

ትናንት የሰኔ ልደታ ማኅበር ተሰበሰበ። ጋሽ ፈቃደ ምን ያለ ይመስልሃል? ያሳዝናል፣ እግዜር ያጽናቸው፣ እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ሰጪ አይጠፋም፣ ሌላ እህል ነጋዴ እንፈልጋለን አለ። ጽዋው ዞሮ እኔ ጋ ደርሶ ነበር፤ አልጠጣሁም፣ አስቀመጥኩት። ጆንያ እንኳ ሲቀደድ ይሰፋል እንጂ ወዲያው አይጣልም፣ ሰውየውን ከጆንያ አሳንሳችሁ ነው ወይ የምታዩት አልኩ። ሌላ ነጋዴስ ብትፈልጉ በከር ላይ የደረሰውን ያልሰማ ነጋዴ ከየት ታመጣላችሁ አልኩ። ዘጠኝ ዓመት አብሬአቸው ስጠጣ ድምፄ ከፍ ብሎ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው። ያ ስለ ጥንስስ የቀለደው ሰው መሬት መሬት አየ። ጋሽ ፈቃደ ሊያባብለኝ ፈለገና ሌላውን ጉድ አወጣው። አይዞሽ አትቆጪ፣ የሁሉንም የዓለም ስም ከነሰፈራቸው አጠያይቄ፣ አስጽፌ ለኃይለመለኮት ልኬለታለሁ፣ ለፈረንጆቹ አሳይቶ እርዳታ ያመጣልናል አለኝ።

እንግዲህ ስንት አዲስ ሰጪ ተጨመረ ላልከኝ መልሱን ያዝ። አንድም አልተጨመረም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ሆነ። ሸማ የሚሰጠን ሸማኔ ከግንቦት ልደታ ማግስት ጀምሮ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። አልፈርድበትም። አንተ ባለህበት ጣልያን የለም፤ የሰው ስም ሰሌዳ ላይ ቢወጣ መንገደኛው ባርኔጣውን ያነሣለት ይሆናል። እዚህ ግን ስሙ ደጅ የወጣ ሰው ምን እንደሚገጥመው አይተህ ነው ባቡር የተሳፈርከው። ታውቀው ነበር። ሳታውቅ ብትጽፈው ኖሮ ቁጣዬ በሳምንቱ ይበርድልኝ ነበር። አውቀህ ረሳኸው፤ እኔን ያነደደኝ እሱ ነው። ሁለት ዓመት ነፋስ ስትቀበል የእኛን ጢስ ረሳኸው።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እኔ ፊደል የለየሁት አንተ ቀደህ በጣልከው ወረቀት፣ ስኳርና ሻማ በተጠቀለለበት ብጥስጣሽ ነው። አንዱ የክስ ማመልከቻ ግማሽ ነበር። አንዱ አንዲት ሴት ርቆ ለሄደ ባሏ የጻፈችው ነው፤ ምን ብላ እንደጨረሰች እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ታችኛው በቅቤ ርሶ ነበር። ለእኔ የተጻፈ አንድም አልነበረበትም፤ ሁሉንም አነበብኳቸው። ወረቀት ማን እጅ እንደሚገባ የጻፈው ሰው እንደማያዝበት ከአንተ ይልቅ እኔ አውቃለሁ።

ስለዚህ የምፈልግብህ አንድ ነገር ነው። ጋሽ ፈቃደ የላከልህን የስም ዝርዝር ይህን ባነበብክበት ሰዓት አቃጥለው። አትቅደደው፤ አቃጥለው። ለፈረንጆቹ ሰጥተህ እንደሆነ ሂድና ተቀበላቸው፤ ቀድተውት እንደሆነ ቅጂውንም። አሥራ ሰባት ሰው አለበት። ከጅቡቲ ጣልያን ጆሮ ድረስ አንድ ባቡር ነው የሚለየው። ይህንንም ደብዳቤ አብረህ አንድደው። እዚህ ላይ ጣልያን ያላወቀውን ሰጪ አንድም በስሙ አልጻፍኩም፤ ማገዶ ሻጯ ማን እንደሆነች አንተም አታውቅም፣ አትጠይቀኝም። ሲነድ ባለ ባቡሩን በቃል ብቻ፣ ነደደ በላት በለው፤ ይበቃኛል። ምክንያትህን አትደርድርልኝ። አዝኛለሁም አትበለኝ፤ ይቅርታ የሚጠየቁት ሰው ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ለማኅበሩ ሁለተኛ ምክር አትላክ። ልትሰጥ ከፈለግህ ስጥ። ለአንድ ልጅ የሚሆን አቡጀዲ ላክ። ያኔ አንተም ከሰጪዎቹ አንዱ ትሆናለህ፤ ልጁ ለብሶት ምን እንደመሰለ፣ በስንተኛው ቀን ጉልበቱ ላይ እንደቀደደው ሁሉ እጽፍልሃለሁ፤ ስምህንም ለማንም አልናገርም።

ልጆቹ ጋሽ በከር ከታሰሩ ወዲህ በቀን አንዴ ነው የሚበሉት። የአዱኛ ሳል ተመልሶባታል፤ ዛሬ ከዝናቡ ጋር ብሶባት ዋለ። ይህን ለአንተ እነግርሃለሁ እንጂ ለእሳቸው አልነግራቸውም። የተዘጋ ሱቅና የተላጨ አገጭ ይዘው ለተቀመጡ ሰው፣ አዱኛ ታማለች ብሎ መንገር ልመና ነው። ከዚህ በላይ ምን ይስጡን? ከተፈቱ ወዲህ ፊታቸውን ለማየት አልደፈርኩም። የመጨረሻው ጆንያቸው እዚህ ጥግ ላይ ባዶውን ተቀምጧል። በሌላ ጊዜ ቢሆን በሳምንቱ ታጥቦ ይመለስ ነበር። አሁን ወር አለፈው፤ ወደዚያ ጥግ ሳልዞር ነው የምውለው።

ሠርካዲስን በሁለት ጉንጮቿ ሳምልኝ። ቁጣዬ ወደ እሷ አይዞርም፤ አራስ ናትና ይህንን ሁሉ አታንብብባት። ሸዋንግዛውን አክስትህ ስትመጣ ጥርስህን ትቆጥራለች በለው። የልጂቱን ስም አልነገርከኝም። የዓለም ስሟ ይቆይ፤ የክርስትና ስሟን ብቻ ላክልኝ፣ ለንስሐ አባታችን እሰጣለሁ። ቤት ላከራየችህ ሴትዮ፣ በሕመምህ ጊዜ ሾርባ ለሠራችልህ፣ እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ። እማሆይ ሰላም ብለውሃል። ዓይናቸው ስለደከመ ደብዳቤውን አንብቤላቸው ነበር። ትንሽ አክርረሻል አሉኝ፤ ቆየት ብለው ደግሞ፣ አይ፣ ይሁን፣ ይድረሰው አሉ። እኔ ከታች ስሜን አልጽፍም። ጋሽ በከር አሥራ አንድ ቀን ያልሰጡትን ስም እኔ በወረቀት አልሰጥም። ጽሕፈቴን ታውቀዋለህ።

ሰኔ ፫ ቀን፣ ዓርብ። ደብዳቤው ሳይታሸግ አደረ፤ ባለ ባቡሩ ከቀትር በፊት አይመጣም። ዛሬ ጠዋት ያደረግሁትን እጨምርበታለሁ።

ጎሕ ሲቀድ ተነሣሁ። ትናንት በገንቦ በተቀበልኩት የዝናብ ውሃ ጆንያውን በእንዶድ አጠብኩት፣ ጨምቄ እሳት ዳር ዘረጋሁት። አፉ ላይ ተተርትሮ ነበር፤ በሲባጎ ሰፋሁት። ልጆቹን ለእማሆይ ትቼ፣ ጆንያው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አጣጥፌ በነጠላዬ ሥር ይዤ ወጣሁ። ዓይን እንዳላስከትልባቸው በገበያው በኩል አልሄድኩም፤ በጓሮ በጓሮ ዞርኩ። የቤታቸው የኋላ አጥር ደርሼ ሰላም ለዚህ ቤት አልኩ። ቀመሪያ ወጣች። እታለሜ፣ ምነው ጠፋሽ፣ እኛ እኮ አልሞትንም አለችኝ። ጆንያ ላስረክብ ነው፣ ልጠይቅ አልመጣሁም፣ አልገባምም አልኳት። ወደ ቤቱ ዞራ አየች። ከጭቃው ግድግዳ ወዲያ የመቁጠሪያ ኮሽታ ይሰማል፤ ጋሽ በከር እዚያው ናቸው።

ለይቅርታ ያዘጋጀሁት ቃል ነበረኝ፤ ጠፋብኝ። ስለዚህ እንደ ወትሮው የልጆቹን ነገር ተናገርኩ። ዓይኔን ቀመሪያ ላይ አድርጌ ድምፄን ግን ግድግዳው እንዲሰማ ከፍ አደረግሁት። ዋቅሹማ ዳዊቱን አጋመሰ አልኩ። ጋሻው ከእማሆይ ፈትል ማጠንጠን ተማረ፣ ክሩን ግን ያወላግደዋል አልኩ። እንዲህ እያልኩ ስምንቱን በየስማቸው ተናግሬ አበቃሁ።

መቁጠሪያው ቆመ። አዱኛስ አሉ ጋሽ በከር ከውስጥ።

ጆንያውን ደግሜ አጣጠፍኩት። አዱኛን ዘለልሻት አሉ። ሳሏ ተመልሶባታል አልኩ፤ ለእሳቸው ዋሽቼ አላውቅም። ውስጥ ለውስጥ ሲነሡ፣ ሲራመዱ ሰማሁ፤ ወደ በሩ ግን አልወጡም። አብሽሪ እቴ አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ ጆንያውን ለቀመሪያ ስጫትና ሂጂ፣ እግር ሳይበዛ አሉኝ።

ሰጠኋት። በመጣሁበት ጓሮ ተመልሼ ቤት ገባሁ፤ እሳቱን አራገብኩና፣ የሚጨመርበት ገና ሳይመጣ፣ ትልቁን ድስት ውሃ ሞልቼ ጣድኩ።

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ሰኔ ፫ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.
እህትህ